«ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ኢንሹራንስ ቢሮ ሲደርስ

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። 34 ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ማንሳት፣ ሰው ማገላበጥ። ጡቴ በጣም ትልቅ ነው። ሁለተኛዋን ልጄን ከወለድኩ በኋላማ ባሰበት። አንገቴንና ጀርባዬን ያመኛል። የጡት መያዣው ማንገቻ ትከሻዬን አሰርጉዶታል። ሙቀት ሲመጣ ከጡቴ ሥር ሽፍታ ይወጣብኛል። ቅዳሴ እንኳን ቆሜ መጨረስ ትቻለሁ። ሰርጀን (ቀዶ ጥገና ሐኪም) ዘንድ ሄጄ ‹መቀነስ አለበት› ብሎ ለኢንሹራንሱ ጻፈልኝ። ከ3 ሳምንት በፊት መልሱ መጣ፣ አይሆንም ብለዋል። ከኪሴ ልክፈል ብል 14 ሺህ ዶላር አሉኝ። ባሌ ‹ለቁንጅና ነው ብለዋልኮ፣ ተይው› ይላል። እናቴ ከአዲስ አበባ ‹እግዚአብሔር የሰጠሽን ልትቆርጪ?› ብላ አለቀሰች። ቱርክ ሄዳ በርካሽ ያሠራች ጓደኛ አለችኝ። ወረቀቶቹን አያይዣለሁ። ምን ይመክሩኛል? — ትከሻዋ የዛለ»

እህቴ፣

የላክሻቸውን ወረቀቶች ቡና እየጠጣሁ አነበብኳቸው። የኢንሹራንሱን መልስ፣ ሰርጀኑ የጻፈውን፣ የፕራይመሪ ዶክተርሽን፣ የመደበኛ ሐኪምሽን፣ የ2 ዓመት ማስታወሻ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ቡናው ቀዘቀዘብኝ።

ይህን ዓምድ ከመጀመሬ በፊት 11 ዓመት አንድ ክሊኒክ ውስጥ የኢንሹራንስ ወረቀት ስሠራ ነው የኖርኩት። ስለዚህ ከባልሽ ልጀምር። ደብዳቤው «ለቁንጅና ነው» አይልም። ደግመሽ አንብቢለት። የሚለው «በተላከልን ማስረጃ መሠረት ለሕክምና አስፈላጊ መሆኑ አልታየም» ነው። ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። አንዱ «አንቺን አናምንሽም» ነው፣ ሌላው «ወረቀትሽ ባዶ ነው»። ወረቀትሽ ደግሞ እውነትም ባዶ ነው።

በ2 ዓመት ውስጥ ዶክተርሽ ጋ 5 ጊዜ ሄደሻል። በየጊዜው ነርሷ «ሕመምሽ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» ብላ ጠይቃሻለች። አራቱ ላይ 0 ተጽፏል። አንዱ ላይ 2። የጀርባ ነገር የተነሳው አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም በግማሽ መስመር፤ «አልፎ አልፎ የጀርባ ድካም፣ ሥራዋ ከባድ ነው»። ስለ ጡት ምንም የለም። ስለ ሽፍታው ምንም የለም። ስለ ትከሻሽ ምንም።

እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ንገሪኝ እንኳ አልልሽም። ነርሷ ትገባለች፣ ፈገግ ትላለች፣ «እንዴት ነሽ?» ትላለች። አንቺም «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ትያለሽ። እኛ ዘንድ ይሄ ሰላምታ ነው። እዚያ ቻርት (የሕክምና መዝገብ) ላይ ግን የሕክምና መረጃ ሆኖ ይቀመጣል። ከወራት በኋላ አንቺን አይቶሽ የማያውቅ ሰው፣ ሌላ ስቴት ውስጥ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ «ታማሚዋ ሕመም የለብኝም ብላለች» ብሎ ያነበዋል።

ክሊኒኩ ውስጥ እያለሁ አንዲት ሴት መስኮቴ ጋ መጥታ በአማርኛ ስታዋራኝ ትዝ ይለኛል። ኮፔይ፣ ማለትም ለቀጠሮው ከኪሷ የምትከፍለውን ድርሻ፣ ልትከፍል ነው የመጣችው። እያወራች ትከሻዋን በእጇ ትደግፋለች። ምን ሆንሽ ስላት ዙሪያዋን አየችና የሸሚዟን አንገት ትንሽ ሳብ አደረገችው። ማንገቻው የተኛበት ቦታ ጠቁሮ ጎድጉዷል፤ ጣቴን ባስቀምጥበት ልክክ ይል ነበር። «ለዶክተሩ አሳይተሽዋል?» አልኳት። «ወንድ አይደል እንዴ፣ ምን ብዬ አሳየዋለሁ» አለችኝ። ያን ቀን ዶክተሩ ጋ የገባችው በስኳር በሽታዋ ነበር። ቻርቷ ላይ ስለ ስኳሯ ሁሉ ነገር አለ። ስለ ትከሻዋ ግን ለእኔ፣ ለገንዘብ ተቀባይዋ ነገረችኝ። የእኔ ምስክርነት ደግሞ አንድ ሳንቲም አያወጣም።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ። ያልተሟላ ብለው የጠቀሱት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ቢያንስ የ3 ወር ሌላ ሕክምና ተሞክሮ አልረዳም የሚል ማስረጃ የለም። ሁለተኛው፣ ሰርጀኑ ከእያንዳንዱ ጡት አነሳለሁ ያለው 400 ግራም ሲሆን በሰውነትሽ ስፋት መሠረት የሚፈለገው 441 ግራም ነው።

ይህን 441 ከየት አመጡት? ሽኑር የሚባል ሰንጠረዥ አለ። ዶክተር ፖል ሽኑርና ባልደረቦቹ በ1991 ያወጡት ነው። ፕላስቲክ ሰርጀኖችን ጠይቀው የሴቲቱን የሰውነት ስፋት ከሚወጣው ሥጋ ክብደት ጋር አያያዙት። ኢንሹራንሶች ወደዱት፣ ቁጥር ስለሆነ። ስፋቱ እንዲህ ይሰላል፤ ቁመትሽን በሴንቲ ሜትር፣ ክብደትሽን በኪሎ ታባዣለሽ፣ ለ3600 ታካፍያለሽ፣ ከዚያ ስኩዌር ሩቱን ትወስጃለሽ። ያንቺ ቻርት ላይ ቁመት 160፣ ክብደት 72 ነው። ሲሰላ 1.79 ይመጣል። ወደ 1.80 ጠጋ አደረጉትና በሰንጠረዡ 441 ሆነ።

እዚህ ጋ ነው የቆምኩት። የተመዘንሽው መቼ እንደሆነ አየሁ፤ ጃንዋሪ። ከነጃኬትሽና ከነቦትሽ አይደለም ብለሽ ትምያለሽ? ነርሶቹ ይቸኩላሉ፣ እኛም «አውልቂ» ካላሉን አናወልቅም። ሁለት ኪሎ የልብስና የጫማ ቢሆን ክብደትሽ 70 ነው። ስፋትሽ 1.76 ይሆናል። በሰንጠረዡ የሚቀርበው 1.75 ነው፣ እሱ ደግሞ 404 ግራም ይጠይቃል። ከሰርጀኑ 400 ጋር ያለው ልዩነት የአንድ ስኳር ቁራጭ ያህል ሆነ ማለት ነው። በቀጭን ልብስ፣ ያለጫማ እንደገና ተመዘኚ። ቁመትሽንም እንደገና ይለኩሽ።

ሰርጀኑ ግምቱን እንደገና እንዲያየውም ጠይቂ። ቁጥሩን ያሳብጥልሽ አላልኩም፣ እንዳትሞክሪው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የወጣው ሥጋ ይመዘናል፣ ሪፖርቱ ላይ ይጻፋል፣ ኢንሹራንሱም ሊያየው ይችላል። ግን 400 ብሎ ድፍን ቁጥር የጻፈ ሰው በትክክል ለክቶ ነው ብዬ አላምንም። ድፍን ቁጥር ብዙ ጊዜ በዓይን ነው።

ለይግባኙ የሚጠቅምሽ ሌላም ነገር አለ። የአሜሪካ የፕላስቲክ ሰርጀኖች ማኅበር በ2022 ያደሰው መመሪያ፣ ቀዶ ጥገናው መወሰን ያለበት በሴቲቱ ምልክቶች እንጂ በሚወጣው ግራም አይደለም ይላል። ሰርጀንሽ ይህን ጠቅሶ ይጻፍልሽ። ኢንሹራንሱ በራሱ ደንብ ነው የሚሄደው፣ መመሪያው አያስገድደውም። ግን ጉዳዩ ከኢንሹራንሱ ውጭ ወደሆነ ገምጋሚ ከሄደ ሚዛን አለው።

ትልቁ ሥራ ግን የ3 ወሩ ነው።

ይግባኝ ለማለት 180 ቀን አለሽ። ሕጉ የሚቆጥረው ደብዳቤው ከደረሰሽ ቀን ነው፣ አንቺ ግን ለጥንቃቄ ከተጻፈበት ቀን፣ ከማርች 3 ቁጠሪ። ኦገስት 30 ላይ ያልቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ይናደድና በነጋታው «እባካችሁ፣ በእውነት ያመኛል» ብሎ ይልካል። አዲስ ነገር የለውማ! ያው ባዶ ወረቀት ተመልሶ ያው መልስ ይመጣል። አንቺ አትቸኩይ። ለጠየቁሽ የ3 ወር ሕክምና ፊዚካል ቴራፒ (በአካል እንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና) ኤፕሪል ላይ ጀምሪ፣ እስከ ጁን መጨረሻ ሳታቋርጪ ሂጂ። ይግባኙ ጁላይ ላይ ይግባ።

ለዚህ መጀመሪያ ፕራይመሪ ዶክተርሽ ጋ ቀጠሮ ያዢ፣ ለዚህ ጉዳይ ብቻ። ለጉንፋንም፣ ለደም ምርመራም አይደለም። ስትደውዪ «ስለ ጡቴ ክብደትና ስለ ጀርባ ሕመሜ ነው» በይ። ሴት ሐኪም ከፈለግሽ ጠይቂ፣ ነውር የለውም። ደብዳቤሽን ለእኔ የጻፍሽውን ያህል እዚያም ተናገሪ። እንዲያውም ያንኑ ጽፈሽ ሂጂ። ሥራ ላይ ሰው ስታነሺ ምን እንደሚሆን፣ በሳምንት ስንት ቀን አይቡፕሮፌን እንደምትወስጂ፣ ስንት ሌሊት ከእንቅልፍሽ እንደምትነሺ፣ ልጅሽን ሮጠሽ መያዝ መቻል አለመቻልሽን። «በጣም ያመኛል» ምንም አይነግራቸውም። «ሰኞና ሐሙስ ማታ ልጄን ማቀፍ አልቻልኩም» ይነግራቸዋል። ቅዳሴ መቆም እንዳቃተሽም ንገሪያቸው፤ 2 ሰዓት ቆሞ መጸለይ ምን እንደሆነ አስረጃቸው።

ትከሻሽን አሳዪ። ጥልቀቱን ይለካ፣ ይጻፍ። ሽፍታው ደግሞ ሲወጣ ነው መታየት ያለበት። ሙቀቱ መጥቶ ሲወጣብሽ ፓውደር ነስንሰሽ አታልፊው፣ በዚያው ሳምንት ሂጂ። ቅባት ይታዘዝልሽ። ያ ማዘዣ ራሱ ማስረጃ ነው። ሰፋ ያለ ማንገቻ ያለው፣ በልክ የተሠራ የጡት መያዣ ገዝተሽም ከሆነ ደረሰኙን አስቀምጪ።

ከእያንዳንዱ ቀጠሮ በኋላ ማታ ስልክሽ ላይ ማይቻርትን ወይም ክሊኒክሽ የሚጠቀምበትን ገጽ ክፈቺና ዶክተሩ የጻፈውን አንብቢ። ከ2021 ጀምሮ በሕግ ማስታወሻውን የማየት መብት አለሽ። ያልሽው ካልተጻፈ በመልእክት «ይህንን ነግሬ ነበር፣ አልተካተተም» ብለሽ ላኪ። መልእክትሽ ራሱ ፋይሉ ውስጥ ይቀራል።

የጡትሽን ፎቶ ይጠይቁሻል። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ነው የምንሸሸው፤ አንዷማ ለፎቶው ብላ ነገሩን ከነጭራሹ ተወችው። ፊትሽ አይወጣም። ከአንገት በታች፣ ከፊትና ከጎን ነው። ክሊኒኩ ያነሳል፣ ክሊኒኩ ይልካል። በራስሽ ስልክ አንስተሽ በቫይበር ለማንም እንዳትልኪ ብቻ።

እስከዚያው ሰው ኃይል ክፍል ሄደሽ ሁለት ጥያቄ ጠይቂ። አንደኛ፣ የኢንሹራንሱን ሙሉ የውል ሰነድ ስጡኝ በይ፣ ያቺን አጭር ማጠቃለያ ሳይሆን። «የማይሸፈኑ» የሚለውን ክፍል እይው። አንዳንድ ውል የጡት ቅነሳን ለሕክምና ቢሆንም አንሸፍንም ብሎ በግልጽ ይጽፋል። እንደዚያ ከሆነ ይግባኙ ከባድ ነው፣ በዓመቱ መጨረሻ ወደ ሌላ ፕላን መቀየሩ ይሻላል። ያንቺ ደብዳቤ ግን «አስፈላጊነቱ አልታየም» ስለሚል እንደዚያ አይመስለኝም። ሁለተኛው ጥያቄ፣ ገንዘቡን የሚከፍለው አሠሪሽ ራሱ ነው ወይስ ኢንሹራንሱ? ካርዱ ላይ ያለው ስም አይነግርሽም። አሠሪሽ ከሆነ ጉዳዩ በፌዴራል ሕግ ሥር ነው፣ የሠራተኛ ሚኒስቴሩ መሥሪያ ቤት ይመለከተዋል። ኢንሹራንሱ ከሆነ የሜሪላንድ የኢንሹራንስ አስተዳደር አለልሽ።

ሜሪላንድ በመኖርሽ ደግሞ አንድ ዕድል አለሽ፣ ማንም ስለማይናገረው ይገርመኛል። የስቴቱ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ውስጥ የጤና ትምህርትና ጥብቅና ክፍል አለ። ኢንሹራንስ የከለከላቸውን ሰዎች ይግባኝ በነጻ ይረዳል። ጠበቃ አትቅጠሪ፣ መጀመሪያ እዚያ ደውዪ።

ወደ ኢንሹራንሱም ደውለሽ የውሳኔውን ሙሉ ፋይልና የተጠቀሙበትን መስፈርት ጠይቂ። በነጻ መስጠት ግዴታቸው ነው። እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ የደብዳቤውን የመጨረሻ ገጽ አገላብጪው። በትንንሽ ፊደል በብዙ ቋንቋ የተጻፈ አለ፣ መሐሉ ላይ አማርኛም አለ። አስተርጓሚ በነጻ እንደሚሰጡሽ ይላል፤ እውነት ነው፣ ይሰጣሉ። ስለ ጡትሽ የጎረቤት ልጅ እንዲያስተረጉምልሽ አታድርጊ። የደወልሽበትን ቀን፣ ያነጋገረሽን ሰው ስምና የጥሪውን ቁጥር ጻፊ። እኔ የእርጎ ክዳን ላይ ጽፌ የጠፋብኝ ጊዜ አለ፣ ደብተር ይሻላል።

ይግባኙን ስታስገቢ የሚያየው ሰው መጀመሪያ የከለከለሽ ሰው መሆን የለበትም። መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መምጣት አለበት። ሰርጀንሽም ከኢንሹራንሱ ሐኪም ጋር በስልክ እንዲነጋገር ጠይቂ፤ ሐኪም ለሐኪም የሚያወሩበት አሠራር አላቸው። 10 ደቂቃ የማይሞላ ስልክ የ20 ገጽ ወረቀት ያልፈታውን ሲፈታ አይቻለሁ። እንደገና እምቢ ካሉ ደግሞ ከኢንሹራንሱ ውጭ የሆነ ገለልተኛ ገምጋሚ እንዲያየው የመጠየቅ መብት አለሽ። ለዚያ 4 ወር ይሰጥሻል። እሱ ይከፈል ካለ ኢንሹራንሱ ይታዘዛል።

ስለ ቱርኩ ጠይቀሽኛል። ጓደኛሽ ደህና ከሆነች ደስ ይለኛል። አንቺ ግን የምትመለሺው ሰው ወደማንሳት ሥራ ነው። ስፌቱ ቢከፈት፣ ቢያመረቅዝ ማን ያይሻል? ያልሠራውን ሥራ ለማስተካከል ደስ የሚለው ሰርጀን የለም። መንገዱን ሁሉ ሳትሞክሪ 14 ሺውንም አትክፈዪ፣ ቲኬትም አትቁረጪ። ከተፈቀደልሽ ደግሞ ዲዳክቲብልሽን፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በዓመቱ ከኪስሽ የምትከፍዪውን፣ እይ፤ ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ ሲገባ ከዜሮ ስለሚጀምር በዚያው ዓመት ብታሠሪው ይሻላል። ሆስፒታሉም ሰርጀኑም ኔትወርክ ውስጥ፣ ማለትም ከኢንሹራንስሽ ጋር ውል ያላቸው፣ መሆናቸውን አረጋግጪ። ማደንዘዣ የሚሰጠው ሐኪም ኔትወርክ ውስጥ ባይሆን እንኳ ሆስፒታሉ ውስጥ ከሆነ ከ2022 ጀምሮ ያለው ሕግ ያልጠበቅሽው ተጨማሪ ሂሳብ እንዳይልኩብሽ ይከለክላል።

ሰርጀኑን ራሱ የምትጠይቂው አለ። ሦስተኛ ልጅ ታስቢያለሽ? ከቀዶ ጥገናው በኋላ ማጥባት ሊያስቸግር ይችላል። ጫፉ ላይ ስሜት ሊቀንስ ይችላል። ጠባሳ ይኖራል፣ ብዙ ጊዜ የመልህቅ ቅርጽ ያለው። የእኛ ቆዳ ደግሞ ጠባሳ ማሳበጥ ይወዳል፤ ጆሮሽን ስትበሺ ወይም በወሊድ ቀዶ ጥገና ቆዳሽ ያበጠ ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪው። ሲጋራ አታጨሺም ብዬ አምናለሁ፣ ግን ሺሻም ኒኮቲን ነው። ቅዳሜ ማታ ከጓደኞችሽ ጋር «ትንሽ» ያልሽው በምርመራ ይወጣል፣ ቁስሉም እንዳይድን ያደርጋል።

እናትሽን አትከራከሪያቸው። ለእሳቸው መቆረጥ ማለት ካንሰር ነው፣ የሰሙት እንደዚያ ነው። በቪዲዮ ስትደውዪ ትከሻሽን አሳያቸው። ለዶክተሩ ለማሳየት ልምምድም ይሆንሻል።

ቀጠሮውን ስትይዢ ጻፊልኝ። ነርሷ ገብታ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው ስትልሽ 7 ከሆነ 7 በይ። ጽፋ ሳትጨርስ ብቻ «ተመስገን» እንዳትጨምሪበት፤ እሱን መኪናሽ ውስጥ ገብተሽ ትያለሽ።